የደንገል ደጅ

ደብዳቤው ሐሙስ ዕለት በባጃጅ መጣ፣
ባለ ሐምራዊ ማኅተም፣ ባለ ሦስት ገጽ ቁጣ።
«የመስታወት ደጅ»ን፣ ያን ዝነኛ ድራማ፣
ዘርፋችኋል ይላል፣ ባለቤቱ ሳይሰማ፤
ስሙን ደንገል አድርጋችሁ፣ የእመቤቷን አካሄድ፣
የዘበኛውን ሳል፣ የሎሌውን መስገድ፣
በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካላጠፋችሁት፣
በሕግ አምላክ፣ ይላል፣ እንገናኝ ፍርድ ቤት።

ድሮ በሕግ አምላክ ያሉት ሰው ባለበት ይቆም ነበር፤
እኛም ቆምን፣ ስድስታችን፣ በአንዲት ስልክ ዙሪያ፣ ከሐይቁ ዳር።
ማያዋ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቁ በሁሉም ግንባር ያልፋል፣
የማየው ግን እኔ ነኝ፣ ቀራጯ፤ ለሌላው ድኖ ይተላለፋል።
መኪናቸው ጥቁር ነው፤ የእኛ ደንገል ነው፣ ይንሳፈፋል፤
ገንዳቸው ሰማያዊ ነው፤ የእኛ ውስጥ ጉማሬ ያንኮራፋል።
በነሱ ዘንድ ክፉ ወንድም አለ፣ ውርስ የሚበላ፤
በኛ እምቦጭ ነው፦ ሳይጠራ፣ አበባ ይዞ ገብቶ፣ ዳር ዳሩን የሞላ።
በፍቺው ትዕይንት መሐል ጉማሬው ብቅ ብሎ አየን፤
አልቆረጥነውም። ከሁላችሁም እሱ ተወነ ተባልን።

እመቤቷን የሚጫወት ምንይችል፣ መጋረጃውን እንደ ለበሰ፣
ደብዳቤውን አንብቦ ሳቀ፣ እንባውን በጫፉ አበሰ።
«ዘራፊ አሉን?» አለ። «ሦስት ዓመት ዋሸራ
ኮቸሮ ለምኜ ያጣሁትን ስም፣ ጠበቃ በነጻ ጠራ!
ቅኔ ይዘረፋል እንጂ ይሠራል ያለ ማነው?
ዘራፊውን ይመርቁታል፤ የሚያፍረው፣
የሰው ደግሞ የመጣው ነው።
ልኩና ዜማው የአባቶች ነው፣ የሁሉ፤
ጉባኤ ቃናን ማን አጠረው? ግን ቃሉ
የራስህ ካልሆነ፣
መሪጌታው በዐይኑ ብቻ ይቀብርሃል።»

ትሁኔ ጋ ሄድን፣ ጠበቃዋ ጋ፣ ከስታዲየሙ ጀርባ።
አዋጁን ገለጠች። ለግል፣ ለትምህርት፣ ለጥቅስ በልኩ፣
እያለች ጣቷ ወረደ፤
ሳቅ የሚል ቃል ፈልጋ አጣች።
«ተከልክሏል አላልኩም። ተፈቅዷልም አላልኩም።
መንገዱ አልተጠረገም፤ የሚሄድበት ሰው ይጠርገው።
ብቻ ልጠይቅ፦ የሳቃችሁት በነሱ ነው፣
ወይስ የነሱን ልብስ ለብሳችሁ በሌላ ሰው?»
በነሱ ነዋ፣ አልን። ቶሎ አልን።

ማታ ጋሽ እንድሪስ መጣ፣ ታንኳ ሠሪው፣
እጁ ደንገል ደንገል እየሸተተ።
ተቀመጥ ብንለው አልተቀመጠም።
«ደብዳቤ መጣላችሁ አሉ። እኔ መጻፍ አልችልም፣ በአፌ ልበል።
አራተኛው ክፍል ላይ አገር የሳቀበት፣
‹ታንኳና ሙሽራ ሦስት ወር ነው ውበቱ፣
ከዚያ በኋላ ውሃ ነው ቤቱ› ያላችሁት፣
የኔ ነው።
ሳሉም የኔ ነው፣ የዚያ የዘበኛ አይደለም።
ሀብታሙን ስትቀሙት አየሁ፤ ደግ።
ከኔ ስትወስዱስ ማን አስፈቀደኝ?»
ከዚያ ሳለ። የእውነቱን ሳለ።
ማንም አልሳቀም።

መቅዳት እንላለን፣ ለውሃውም ለድምፁም፣ ቃሉ አንድ ነው።
ከሐይቅ ሲቀዱ አይታወቅም።
ከእንስራ ሲቀዱ ይጎድላል።

መልሱን ሌሊቱን ጻፍን፦ ሳቁን አናጠፋም፤
ስለ ሳሉ ግን፣ የእናንተ አይደለም፣ ባለቤቱ ተገኝቷል።
በአምስተኛው ክፍል መግቢያ የእንድሪስ ስም ከኛ ቀደመ።
ድርሻው ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነበር።
ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረ፣
ሃያውን መለሰልኝ፦ «ለስልኳ መስታወት።»

ነገ አሥራ አራተኛው ቀን ነው።
ዛሬ አዲስ ታንኳ ታስሯል፤ ቅርጹ የአያቶቹ፣ ደንገሉ የትናንት።
ምንይችል መጋረጃውን ሰብስቦ ገባበት፣
ስልኩን አነሣሁ፣ ስንጥቁ በግንባሩ አለፈ፣
ከበስተጀርባው፣ ከውሃው፣
ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ወጡ።

እሱንም አላስፈረምነውም።